የበቆሎ ገዳይ በሽታ ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚባዛ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የተጻፈ መግለጫ

በቡልቡላና በዙሪያዋ ባለው የስምጥ ሸለቆ አገር ገበሬው በቆሎን አጥብቆ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ የታየው የበቆሎ ገዳይ በሽታ በ2014 ወደ አገራችን መግባቱ ስለ ታወቀ፣ የዚህን ጠላት ጠባይ መረዳት ለሹም ሁሉ የተገባ ነው።

በሽታው የሚጸናው ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው። ዋነኛውን ትሪፕስ የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳትና ጥንዚዛዎች፣ ሁለተኛውን ክሽክሽ ያመጡታል። ቅጠሉ ቢጫ ዥንጉርጉር ይሆንና ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይደርቃል፤ ፍሬውም ይመክናል።

የዋነኛው ቫይረስ ትእዛዝ የተጻፈው አር ኤን ኤ በሚባል ክር ላይ ነው፤ ፊደሎቹም 4,400 ያህል ናቸው። ይህ ክር ሁለት ሥራ አለበት፤ ይኸውም የበቆሎው ሕዋስ እያነበበ ፕሮቲን እንዲሠራበት፣ ደግሞም ብዙ ቅጂ እንዲገለበጥበት ነው። ነገር ግን አንባቢው ከራስጌ ወደ ግርጌ፣ ገልባጩ ከግርጌ ወደ ራስጌ ስለሚሄዱ፣ ባንድነት ቢነሡ ይጋጫሉ። በጽሕፈት ቤትም ደብዳቤው በአንባቢ እጅ ሳለ ገልባጩ ተራ ይጠብቃል።

ተራውን የሚያስጠብቀው የክሩ እጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ምርመራ እንዳስረዳው፣ በዚህ ቫይረስ ግርጌ አቅራቢያ ያለው እጥፋት የሕዋሱን ፕሮቲን ሠሪ ይስባል፤ ከራስጌውም ጋር ተገናኝቶ ንባቡን ያስጀምራል። ቲማቲምን በሚያጠቃ፣ ከዚሁ ወገን በሆነ ሌላ ቫይረስ ደግሞ የግርጌው ፊደሎች ከውስጠኞቹ ጋር ሲጣመሩ መገልበጡ ይገታል፤ ሲፈቱ ይፋጠናል።

እንግዲህ ቫይረሱ በተክሉ በራሱ ዕቃ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የታመመውን በቆሎ የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚረጨው መድኃኒት ነፍሳቱን ይገድላል እንጂ ክሩን አይነካም። ስለዚህ መከላከል ይቀድማል። ከታመመ ማሳ ዘር አይወሰድ፤ የታመመው ተክል በቶሎ ይነቀል፤ በመስኖም ቢሆን በቆሎ በበቆሎ ላይ አይዘራ፤ ቢያንስ አንድ ወቅት ቫይረሱ የማይኖርበት ቦሎቄ ይተካ።

ይህም ለአንድ ገበሬ ብቻ የሚተው አይደለም። አንዱ ማሳውን ቢያሳርፍ፣ ጎረቤቱ በቆሎ ከዘራ ነፍሳቱ ድንበር አያውቁምና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የዘሩን ወቅት ወስኖ ባለ ማሳዎችን ሁሉ ማስማማት የወረዳው ሹም ፋንታ ነው።