ከንፋስ ስልክ በፊት

የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም የመጣው ከሬዲዮ ጣቢያ ነው። ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት ያዩ ሰዎች ነፋስ የሚወስደው ስልክ ብለው ሰየሙት። በእብነ በረድ ባይጻፍም፣ የታክሲ ረዳት በየቀኑ እየጮኸ የሚያስታውሰን የመገናኛ መታሰቢያ ነው።

ሬዲዮም ስልክም ከመምጣታቸው በፊት መልእክት የሚሄደው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ፣ ላብ ሳያስነካው አገር ያቋርጣል።

ይህን ጉዞ ሥርዓት ያስያዙት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። መጋቢት 1886 ዓ.ም. ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ፤ አማካሪያቸው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በሥራው ነበሩበት። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ባሉት አራቱ ላይ ዘውድ የደፉት ምኒልክ፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ግርሾቹ ላይ አንበሳ አለ። 16 ግርሽ አንድ ማርትሬዛ ብር ነበር።

ቴምብር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የያዘው ሐሳብ ግን ትልቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ቀድሞ የፖስታ ሒሳብ የሚከፍለው በአብዛኛው ተቀባዩ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ሰው የልጁን ደብዳቤ ሳይከፍት ይመልሰዋል። ሮውላንድ ሂል ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፣ ዋጋውም በርቀት ሳይሆን በክብደት ይተመን ብሎ ተሟገተ። በ1840 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያው ባለ ማጣበቂያ ቴምብር ወጣ።

የእኛ ቴምብር በጀመረበት ዘመን ከድንበር ማዶ አይታወቅም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ በሐረር በኩል ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹም ቴምብር ያስፈልገው ስለነበር፣ የሁለት አገር ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ዛሬም ይገኛል። እንዲህ ያለውን ፖስታ ባየሁ ቁጥር ደስታም ቁጭትም ይሰማኛል፦ ነጻ አገር ናት፣ ቃሏ ግን በራሷ ማኅተም ባሕር አይሻገርም። ይህ ያበቃው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው።

የምኒልክን ቴምብሮች ማየት የፈለገ፣ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለው የፖስታ ሙዚየም አለለት። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ግን አንድ ሰሌዳ ቢጨመር እወዳለሁ፤ ላዩ ላይ ዘንግ የያዘ እግረኛ ይቀረጽበት።