ጨጓራችንን የላጠው ፖለቲካው ብቻ ነውን?

«የአገሬ ፖለቲካ ጨጓራዬን ላጠው!» የማይል ስደተኛ ማግኘት ያስቸግራል። እኛም ብለናል፤ ገናም እንላለን። ነገር ግን ከምር ጨጓራውን የሚያመው ወገናችን በበርበሬና በብስጭት እያመካኘ፣ በወተትና በማስታገሻ ብቻ ዓመታት ሲገፋ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለንም።

ጨጓራ ምግብን የሚያብላላው በኃይለኛ አሲድና በኢንዛይም ነው። አሲዱ ራሱን እንዳይበላው ግድግዳው በዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኗል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያዳክምና በዚሁ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ግድግዳውን ይጎዳል።

አውስትራሊያዊው ዶ/ር ባሪ ማርሻል ይህን ተናግረው ሰሚ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጡ፤ በቀናት ውስጥም ታመሙ። በ2005 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት የሚይዝ፣ በአገራችንም በብዛት የሚገኝ ነው። ባሕር ስንሻገር አብሮን ይሻገራል። ሳይታከም ከቆየ ለጨጓራ ካንሰር ሊዳርግ ይችላል። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይወሰዳል። ሕመሙ ቀለል አለ ብሎ ማቋረጥ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማላመድ ነው። አስፒሪንና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ምክር ማዘውተርም ጨጓራን ያቆስላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ትግሉ ረጅም ነው፤ ጤነኛ ሰው ይፈልጋል። እንመርመር!