ተጨማሪ መረጃ፦ ዓባይን ሲሻገሩ የደመወዝ ግብር ይለወጣል?

ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወርዶ ዓባይን የተሻገረ ሰው ከአማራ ክልል ወጥቶ ኦሮሚያ ይገባል። የደመወዝ ግብር ምጣኔው ግን በሁለቱም ክልሎች አንድ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ፣ የወር ደመወዟ 9,000 ብር የሆነ የፍኖተ ሰላም መምህርት ግብር እንዲህ ይሰላል፦

• የመጀመሪያው 2,000 ብር፦ ከግብር ነፃ
• ቀጣዩ 2,000 ብር በ15%፦ 300 ብር
• ቀጣዩ 3,000 ብር በ20%፦ 600 ብር
• ቀሪው 2,000 ብር በ25%፦ 500 ብር

ከደመወዟ 1,400 ብር ግብርና 630 ብር የጡረታ መዋጮ (7%) ሲቀነስ 6,970 ብር እጇ ይገባል። ከማሻሻያው በፊት በነበረው የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቢሆን 6,625 ብር ብቻ ይደርሳት ነበር።

የሚለያየው ግብሩ የሚገባበት ካዝና ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 እና 97 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ግብር ለፌዴራል፣ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ግብር ደግሞ ለክልሉ ገቢ ይሆናል። የምዕራብ ጎጃም አርሶ አደርም የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር የሚከፍለው ለክልሉ ነው። ከደመወዙ ምን ያህል እንደሚቆረጥና ለማን እንደሚገባ የሚያውቅ ዜጋ መብቱን በልበ ሙሉነት ይጠይቃል።

ራሳችሁ ሞክሩ፦ ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን እጅ የሚገባው ስንት ነው?