የወረቀት ውፍረት ያህል ስህተት፦ አሮጌ ሌንስ በአዲስ ካሜራ ላይ

ሄልዮስ 44-2 የሚባለው የሶቪየት ሌንስ ዲጂታል ካሜራ ላይ ተገጥሞ ሲታይ ወሬው ሁሉ ስለ ብርጭቆው ነው፤ ከሰው ጀርባ ያለው ቅጠል እንዴት ክብ ሠርቶ እንደሚሽከረከር፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ቀለሙ እንዴት እንደሚገረጣ። በሌንሱና በካሜራው መካከል ስለሚገባው ቀለበት ግን እምብዛም አይነሣም። አዳፕተር ይባላል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ብርጭቆ የለውም፣ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፣ ዋጋውም ከሌንሱም ከካሜራውም ያነሰ ነው። ይሁንና አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ የተሠራለትን ሥራ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው ይህ ባዶ ብረት፣ በተለይም ውፍረቱ ነው። ገዢ ሁሉ «ኢንፊኒቲ ይደርሳል ወይ?»፣ ማለትም እጅግ ሩቁን ያጠራል ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ኢንፊኒቲ የሚደርሰው የሌንሱ የፎከስ ቀለበት የት ላይ ሲሆን ነው የሚለው ሌላው ግማሽ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ችግሩም ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሌንሱ ራሱ ታሪክ አለው። ንድፉ የመጣው ከጀርመኑ ካርል ዛይስ ቢዮታር 58 ሚሊሜትር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ አመረቱት፤ በኋላም ቫልዳይና ሚንስክ ውስጥ ተሠርቷል። ከዜኒት ካሜራዎች ጋር እየተሸጠ በሚሊዮኖች ስለተባዛ ዛሬም ርካሽ ነው። ሰዎች የሚወዱት የተሽከረከረ ብዥታ በመሠረቱ ጉድለት ነው፤ ከዳር የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ አፍና ጀርባ ስለሚከለል፣ የጠራው ምስል የሚያርፍበትም ገጽ ጠፍጣፋ ስላልሆነ የሚፈጠር። የዘመኑ መሐንዲሶች ይህን ለማጥፋት ይደክሙ ነበር፤ የእኛ ዘመን ገዝቶ ይፈልገዋል። ከኋላው ያለው መግጠሚያ ኤም 42 የሚባለው ነው፤ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥርስ፣ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ የሚገባ። ይህ መግጠሚያ በ1949 ድሬስደን ውስጥ በተሠራው ኮንታክስ ኤስ ካሜራ ታወቀ፤ ከዚያ ፕራክቲካም ፔንታክስም ዜኒትም ተቀበሉት። ዓለም ላይ የቀረው የኤም 42 ሌንስ ብዛት ከዚህ የመጣ ነው።

ማንኛውም ሌንስ ሲሠራ ከኋላው ብረት ማረፊያ እስከ ፊልሙ ድረስ አንድ ቋሚ ርቀት ይታሰብለታል፤ የመቀመጫ ርቀት እንበለው። ለኤም 42 ይህ ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው። ይህን ያህል የራቀበት ምክንያት በሌንሱና በፊልሙ መካከል እየተነሣ እየተኛ ምስሉን ወደ ማያው ቀዳዳ የሚመልስ መስታወት ስለነበረ ነው፤ መስታወቱ ሲገለበጥ የሚዞርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሌሎቹም ባለ መስታወት ካሜራዎች ከዚህ ብዙም አይርቁም፤ ኒኮን ኤፍ 46.5፣ ኦሊምፐስ ኦኤም 46፣ ሚኖልታ 43.5፣ ካነን ኤፍዲ 42 ሚሊሜትር። መስታወት የሌለው ላይካ ኤም ግን 27.8 ብቻ ነው። በ2008 ፓናሶኒክ ጂ 1ን ይዞ ሲመጣ መስታወቱ ከዲጂታሉም ወጣ፤ ሚረርለስ የሚባለው ዘመን ተጀመረ። የሶኒ ኢ መቀመጫ 18 ሚሊሜትር፣ በ2018 የወጣው ኒኮን ዜድ 16፣ የዚያው ዓመት ካነን አርኤፍ 20 ነው። እነዚህ ሁሉ ከአሮጌዎቹ ስላነሱ በመካከል ቀለበት የሚገባበት ቦታ አለ። ሄልዮስን ሶኒ ላይ ለመግጠም የሚያስፈልገው ቀለበት ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ፣ 27.46 ሚሊሜትር ውፍረት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ባለ መስታወት ዲጂታሎች ጨዋታው ጠባብ ነበር። በካነን ኢኤፍ፣ መቀመጫው 44 ስለሆነ፣ 1.46 ሚሊሜትር የሆነች ስስ ቀለበት ትገባለች። በኒኮን ኤፍ ግን ሒሳቡ ከዜሮ በታች 1.04 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ከዜሮ በታች ውፍረት ያለው ቀለበት ደግሞ ማንም ሊያመርት አይችልም።

ታዲያ ኢንፊኒቲ ለምን ዋና መፈተኛ ሆነ? ሌንስ ቅርብ ያለውን ነገር ለማጥራት ወደ ፊት ይወጣል፣ ሩቅ ያለውን ለማጥራት ወደ ኋላ ይገባል። ሌንሱ ላይ እንደ ተጋደመ ስምንት ቁጥር የተቀረጸው ምልክት የመግቢያው ጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስገባ ቦታ የለም። ስለዚህ ቀለበቱ ትንሽ ከወፈረ ቅርቡ ሁሉ ደህና ሆኖ ሩቁ ብቻ ይጠፋል። ምን ያህል እንደሚጠፋ ለማወቅ የሚያስፈልገው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፤ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት በራሱ ያባዙና ለስህተቱ ያካፍሉ። 58 በ58 ሲባዛ 3364 ነው። ቀለበቱ በ1 ሚሊሜትር ከወፈረ ሄልዮስ ጥርት አድርጎ የሚያየው መጨረሻ 3.4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤትም ተራራም ጭጋግ ነው። በ0.1 ሚሊሜትር ከወፈረ መጨረሻው 34 ሜትር ገደማ ነው። 0.1 ሚሊሜትር ማለት የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ነው። ሰፊ ማዕዘን ባለው 24 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ያችው ወረቀት ሌንሱን ከ6 ሜትር በታች ታስቀረዋለች፤ በ135 ሚሊሜትር ላይ ግን እስከ 180 ሜትር ድረስ ትፈቅዳለች። የቀለበት ስህተት ክፉኛ የሚጎዳው አጭሩን ሌንስ ነው።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ብዙ አዳፕተሮች፣ በተለይ ርካሾቹ፣ ሆን ተብለው ከትክክለኛው ልክ ጥቂት ይሳሳሉ። የንግድ ስሌቱ ግልጽ ነው። ቀለበቱ ከወፈረ ገዢው ተራራው አልጠራልኝም ብሎ ዕቃውን ይመልሳል፤ ከሳሳ ግን ኢንፊኒቲ ከምልክቱ ቀድሞ ስለሚገኝ ደረሰ ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ነፃ አይደለም። ቀለበቱ በ0.2 ሚሊሜትር ቢሳሳ፣ በሄልዮስ ላይ እውነተኛው ኢንፊኒቲ በሌንሱ ቁጥር 17 ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ይታገሡታል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ግን 3 ሜትር አካባቢ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ የሌንሱ ቁጥሮች ሁሉ ውሸት ይሆናሉ፤ ከ3 ሜትር ወዲያ ያለው የፎከስ ቀለበቱ ዙረትም ከኢንፊኒቲ ወዲያ ወዳለ ባዶ ቦታ የሚወስድ ትርፍ መንገድ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ተንሳፋፊ ብርጭቆ ያላቸው ሌንሶች ናቸው። ኒኮን በ1967 ባወጣው 24 ሚሊሜትር ሌንስ ውስጥ የብርጭቆዎቹ መራራቅ ፎከሱ ሲዞር አብሮ ይለወጣል፤ ለእያንዳንዱ ርቀት የዳሩን ጥራት ለመጠበቅ። ሌንሱ 3 ሜትር ላይ ቆሞ አድማስን እንዲያይ ሲገደድ ብርጭቆዎቹ ለ3 ሜትር እንደተደረደሩ ናቸው። መሃሉ ይጠራል፣ ዳሩ ይላላል፤ ባለቤቱም ሌንሱ አርጅቷል ይላል። ሌንሱ ምንም አልሆነም።

መቃወሚያ አይጠፋም። አንደኛው «ዛሬ የሌንሱን ቁጥር ማን ያያል? ምስሉን ስክሪን ላይ አጉልቼ እያየሁ አጠራለሁ» የሚል ነው። ለ58 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑት እውነት ነው፤ ለእነዚህ ጥቂት የሳሳ ቀለበት መጥፎ ስምምነት አይደለም። ረጃጅም ሌንሶች አንዳንዶቹ በሙቀት ሲረዝሙ እንዳይቸገሩ ከፋብሪካው ከኢንፊኒቲ እንዲያልፉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በሰፊ ማዕዘን ላይ ግን ማጉላት የብርጭቆዎቹን መራራቅ አያስተካክልም። በጨለማ ከዋክብት የሚያነሣ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ ፎከሱን ወደ ሩቁ የሚወስድ፣ መንገድ ላይ በግምት ርቀት ቆርጦ የሚያነሣ ሰውም በኢንፊኒቲ ማቆሚያው ላይ ይተማመናል፤ ማቆሚያው ከሳተ እጁ ሁልጊዜ አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፦ አፐርቸሩን፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ወደ 8 ዝጋው፣ ስህተቱ ይሸፈናል። ይሸፈናል እንዴ? በፊልም ዘመን ለ35 ሚሊሜትር የተለመደው የብዥታ መለኪያ 0.03 ሚሊሜትር ነበር። በዚህ መለኪያ ሴንሰሩ ከትክክለኛው ቦታ ወዲያና ወዲህ ሊርቅ የሚችለው በአፐርቸር 2 ላይ 0.06፣ በ8 ላይ 0.24 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ያች የወረቀት ስህተት በ8 ትደበቃለች፣ በ2 ትጋለጣለች። ሄልዮስን የገዛ ሰው ደግሞ የገዛው ለ2 ነው፤ በ8 ላይ የተሽከረከረው ብዥታም የለም፣ ሌንሱም ከማንኛውም ተራ ሌንስ አይለይም። በዚያ ላይ 0.03 ለታተመ ፎቶ የተቆረጠ መለኪያ ነው። 24 ሜጋፒክስል ባለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ላይ የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.006 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ መለኪያውን ወደዚያ ካጠጋነው በ8 እንኳ የሚፈቀደው ስህተት ወደ 0.05 ይወርዳል፤ ከወረቀቱ ግማሽ ማለት ነው።

«እኔ የሰው ፊት ብቻ ነው የማነሣው» ለሚል ግን መልስ የለኝም፤ ልክ ነው። በኒኮን ኤፍ ላይ ብርጭቆ በሌለው ቀለበት የተገጠመ ሄልዮስ፣ ቀለበቱ የራሱን ውፍረት ባይጨምርበት፣ እስከ 3.2 ሜትር ያጠራል፤ ካሜራው ተቁሞ ሲያዝ በዚያ ርቀት የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ይገባል። ሠርግ ላይ አዳራሹን ለማሳየት ሲፈለግ ነው ችግሩ የሚመጣው። ለዚህ ብለው በመሃሉ ትንሽ ብርጭቆ ያለበት አዳፕተር የሚሸጡ አሉ። ኢንፊኒቲን ይመልሳል፣ ምስሉን ግን ጥቂት ያጎላዋል፤ አፐርቸሩ ሲከፈትም ጥራቱን ያላላዋል። ጥሩ ሌንስ ከርካሽ ብርጭቆ ጀርባ ከማስቀመጥ አንድ ሚረርለስ ካሜራ በሁለተኛ እጅ መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥርሱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ዜኒቶች ጥርስ 39 ሚሊሜትር ነበር፤ የድሮው ላይካም እንዲሁ። ዜኒቱ ግን 45.2 ሚሊሜትር መቀመጫ ይፈልጋል፣ ላይካው 28.8። ለላይካ የተሠራ አዳፕተር ላይ የዜኒት ሄልዮስ ያለምንም ችግር ይጠመዘዛል፤ ከ16 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ ስለሚገባም ከኢንፊኒቲ አልፎ ይሰጥማል፣ የፎከስ ቀለበቱ የፈለገውን ያህል ቢዞር ምንም አይጠራም። በተቃራኒው የላይካ ጥርስ ያለው ጁፒተር የሚባል ሌንስ በዜኒት አዳፕተር ላይ ሲገጠም ከሌንሱ ፊት በጣም ቅርብ ያለውን ነገር ብቻ ያያል። ሌንሱ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ካሜራው ያለ ሌንስ እንዲያነሣ በሜኑው ይፈቀድለት፤ አፐርቸሩ ሙሉ ይከፈት፤ አንድ ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ፣ ጠርዙ የጎላ ነገር ይመረጥ። እንጦጦ ላይ ሆኖ ቁልቁል ከተማው ውስጥ ያለ ፎቅ ወይም የስልክ ማማ ይበቃል፤ ጧት ቢሆን ይመረጣል፣ ቀትር ላይ አየሩ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ። ምስሉ ጎልቶ ሲታይ ማማው የፎከስ ቀለበቱ ሳይቆም ቀድሞ ከጠራ አዳፕተሩ ሳስቷል፤ ቆሞም ካልጠራ ወፍሯል። የሳሳው መድኃኒት አለው፦ ብዙ አዳፕተሮች በብሎን የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ስለሆኑ፣ በመሃላቸው በቀለበት ቅርጽ የተቆረጠ ስስ የናስ ቅጠል ይገባል። የወፈረው ያስቸግራል፤ በቤት ውስጥ በሞረድ የተነካ ብረት እኩል አይሆንም፣ ሲጋደል ደግሞ የፎቶው አንድ ጎን ብቻ ይላላል። ሄልዮስ ላይ የፎከሱን ቀለበት የያዙትን ትናንሽ ብሎኖች አላልቶ ማቆሚያውን ማዛወር ይቻላል፤ በቀላሉ የሚሠራና ሰው ሁሉ የሚመክረው ይህ ነው። እኔ ግን አልደግፈውም። ሌንሱ ለአንድ የተሳሳተ ቀለበት ተብሎ ይሳሳታል፤ ነገ ሌላ አዳፕተር ወይም ዜኒቱ ራሱ ላይ ሲመለስ ልኩን አያገኝም። ስህተቱ ያለው ቀለበቱ ላይ ከሆነ መታረም ያለበትም ቀለበቱ ነው።

ቀለበቱ ፍጹም ሆኖም የማይድኑ ሌንሶች ግን አሉ። ለላይካና ለመሰሎቹ የተሠሩ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች የኋላ ብርጭቋቸው ወደ ፊልሙ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ብርሃኑን ወደ ዳር የሚልኩት እጅግ አጋድለው ነው። ፊልም ይህን ይቀበል ነበር። ዲጂታል ሴንሰር ፊት ላይ ግን የመከላከያና የማጣሪያ መስታወት አለ፤ በሶኒ ላይ ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ፣ ላይካ በዲጂታል ኤም ካሜራዎቹ ላይ ከ1 ሚሊሜትር በታች ያደረገው። አጋድሎ የመጣ ጨረር በወፍራሙ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዛነፍ የፎቶው ዳር ይቀባባል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የናስ ቅጠል አይመልሰውም። ሄልዮስና ሌሎቹ ለባለ መስታወት ካሜራ የተሠሩት፣ ለዚያ ለሚገለበጠው መስታወት ሲሉ ከፊልሙ ርቀው እንዲቀመጡ ስለተገደዱ፣ ከዚህ ጣጣ በአብዛኛው ድነዋል።