ቋሚ ንብረትና የሒሳብ ሚዛን

የችርቻሮ ነጋዴ ሀብት በሒሳብ ሚዛን ላይ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። አንደኛው ሸቀጡ፣ በካዝና ያለው ገንዘብና ከደንበኞች የሚፈለገው ዱቤ ነው፤ ይኸውም ተንቀሳቃሽ ሀብት ይባላል። ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በላይ ለንግዱ ሥራ የሚያገለግለው ሕንጻ፣ መደርደሪያና የጭነት መኪና ነው፤ ይህም ቋሚ ንብረት ይባላል።

በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ ንብረትን የሚለየው በዓይነቱ ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው። ማቀዝቀዣ ለሚሸጥ ነጋዴ ማቀዝቀዣው ሸቀጥ ነው፤ ወተትና ቅቤ ለሚያኖርበት ባለሱቅ ግን ቋሚ ንብረት ነው።

ቋሚ ንብረት እያገለገለ ያረጃል። በ120,000 ብር የተገዛ ማቀዝቀዣ 10 ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ በየዓመቱ 12,000 ብር የእርጅና ተቀናሽ ሊያዝለት ይገባል፤ በ3ኛው ዓመት መጨረሻ በሚዛኑ ላይ የሚቀረው 84,000 ብር ይሆናል። ይህም ገና በወጪ ያልተቆጠረው ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋው አይደለም።

ተቀናሹን የዘነጋ ባለሱቅ 12,000 ብሩን ትርፍ መስሎት ለቤቱ ያወጣዋል። ተቀናሹን በመዝገብ መጻፍም ብቻውን ገንዘብ አያጠራቅምም። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የተቀነሰውን ያህል ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ማቀዝቀዣው አርጅቶ በቆመ ጊዜም ምትኩን ያለ ብድር ይገዛል።