በሊንከን ፊት ላይ የሚያልፉ መስመሮች

እ.ኤ.አ. በ1909 ሳንፍራንሲስኮ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ የሊንከን ሴንቶች አንዳንዶቹ ከብረት የተሠሩ አይመስሉም። ቢጫና ቡናማ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ተሰምረውባቸዋል፤ ከእንጨት የተጠረቡ ነው የሚመስሉት። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች «ዉዲ»፣ ማለትም እንጨት መሳይ፣ እያሉ ይጠሯቸዋል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ቆሻሻ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል፤ ሌላው ደግሞ እነሱን ብቻ እየለቀመ ይሰበስባል። እኔ ከለቃሚዎቹ ወገን ነኝ።

መስመሮቹ የሚወለዱት ከማተሚያው በፊት፣ ገና ማቅለጫው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1942 ባሉት ዓመታት የአሜሪካ አንድ ሴንት 95 በመቶ መዳብ ነበር፤ የቀረውን 5 በመቶ ቆርቆሮና ዚንክ ይሞሉታል። እነዚህ ብረቶች ቀልጠው በደንብ ካልተዋሐዱ መዳብ የበዛበትና ያነሰበት ቦታ ይፈጠራል። ቅይጡ ሲቀዘቅዝ በከባድ ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ደጋግሞ እያለፈ ይዳመጣል፤ ይሳሳል፣ ይረዝማል። ያልተዋሐደውም ክፍል አብሮ ይረዝማል። በደንብ ያልታሸ ሊጥ ውስጥ የቀረ ዱቄት ሊጡ ሲሳብ ነጭ መስመር እንደሚሆነው ማለት ነው። ከዚያ ቀጭኑ ሉህ ክብ ክብ እየሆነ ይቆረጥና ጥፍጥፉ ወደ ማተሚያው ይገባል። መስመሮቹ በአዲስ ሳንቲም ላይ ብዙም ላይታዩ ይችላሉ። አየርና እርጥበት መዳቡን ሲያጠቁሩት ግን የተለያየው ቅይጥ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጠቁር ልዩነቱ እየጎላ ይወጣል።

እንግዲህ ሳንቲም መመርመር ማለት በዋናነት ቅደም ተከተል መጠየቅ ነው፤ ይህ ምልክት የመጣው ከመታተሙ በፊት ነው፣ ሲታተም ነው፣ ወይስ ከታተመ በኋላ? መልሱ ዋጋውንም ይወስናል።

የእውነተኛ ዉዲ መስመር ከሁሉም ስለሚቀድም ለሥዕሉ ደንታ የለውም። ከባዶው ሜዳ ተነስቶ በሊንከን ጉንጭ፣ በጢሙ፣ በኮቱ ላይ ሳይታጠፍ ያልፍና በማዶ ካለው ፊደል ላይም ይቀጥላል። ጥልቀት የለውም፤ ቀለም ብቻ ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሥር አድርጋችሁ ሳንቲሙን ከአንድ አምፖል በታች ቀስ ብላችሁ ብታዘነብሉት ከመስመሩ ዳር ጥላ አይወድቅም። ሌላው ምስክር ጀርባው ነው። ሉህ የሚዳመጠው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ በሁለቱም ፊት ያሉት መስመሮች በዚያው አቅጣጫ መሄድ አለባቸው፤ በአንዱ ፊት ደብዝዘው ወይም ጭራሽ ጠፍተው ሊገኙ ግን ይችላሉ። ፊቱ ላይ አግድም፣ ጀርባው ላይ ሽቅብ የሚሄዱ ከሆነ ነገሩን መጠርጠር ይገባል።

አስመሳዮቹ ብዙ ናቸው። የጣት አሻራም መስመር አለው፤ ነገር ግን መስመሩ ይጠመዘዛል፣ አንድ ጥግ ላይም ያበቃል። ላብ መዳብን ስለሚበላ የአሻራው ቅርጽ ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል፤ ሳንቲም በጠርዙ ብቻ ያዙ የሚባለው ለዚህ ነው። ጭረት ደግሞ በብርሃን ይታወቃል። ከሥዕሉ ከፍ ያለውን ክፍል ይመታና ዝቅ ያለውን ዘሎ ያልፋል፤ በጎንና በጎኑም የተገፋ ብረት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። በሽቦ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ሳንቲም በጥቃቅን ጭረቶች ይሸፈናል፤ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያታልለው እሱ ይመስለኛል። ሻጩ «ሲያብረቀርቅ እዩት» ሲል በልባችሁ ዋጋውን ቀንሱ።

የዉዲ የቅርብ ዘመድ ልጣጭ ነው። ቅይጡ ውስጥ ቆሻሻ፣ አየር ወይም የተቃጠለ ብረት ተይዞ ከቀረ ሉሁ ሲዳመጥ እንደ ስስ ቅጠል ይነጠላል፤ በኋላም ከሳንቲሙ ገጽ ላይ ይነሳል ወይም ተልጦ ይወድቃል። እሱም የሚሄደው በመዳመጫው አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ ይምታታሉ። ልጣጩ ግን ጠርዝ አለው፣ ጥላም ይጥላል። በጥፍር ልትፈትሹት አትሞክሩ፤ የተነሳችውን ቅጠል ልትነቅሏት ትችላላችሁ። ሲታተም የሚፈጠረው ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚያትመው ብረት ራሱ ሲሰነጠቅ የሳንቲሙ መዳብ ወደ ስንጥቁ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል። በአጭሩ የማተሚያው ስንጥቅ ጉብ ይላል፣ የጥፍጥፉ ስንጥቅ ይሰረጉዳል።

ከታተመ በኋላ ለሚመጣ ጉዳት ደግሞ መዳብ የተጋለጠ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት የሚተወው አረንጓዴ ዝልግልግ ሁሉ ይደርስበታል። ዝልግልጉን ንጹሕ አሴቶን ያለ ማሸት ሊያነሳው ይችላል። ሌላው የማጽጃ ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ የመዳቡን ቀለም ይቀይራል፤ ያ ቀለም አንዴ ከሄደ አይመለስም።

የደረጃ ሰጪ ኩባንያዎችም የመዳብን ቀለም ለብቻው ይመዝናሉ፤ ቀይ፣ ቀይ-ቡናማ ወይም ቡናማ ብለው ይለያሉ። ዉዲ ቀይ የሚባለው ደረጃ ላይ ለመድረስ ስለሚቸገር ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ዝቅተኞች በአንዱ ይመደባል። የሚጠቀሙበትን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ ትልልቅ ሴንቶች ባሳተመው መጽሐፍ። መጀመሪያ የታሰበው ለዋጋ ነበር፤ 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 ከተሰጠው ሰባ እጥፍ ያወጣል በሚል። ይኸው ሰው ግን ከኒውዮርኩ የሳንቲም ጥናት (ኑሚስማቲክ) ማኅበር ስብስብ ውስጥ ምርጥ ሳንቲሞችን በራሱ ዝቅተኛ ሳንቲሞች እየለወጠ መውሰዱ ከሞተ በኋላ ተደርሶበታል። የዓይን ችሎታውን ማንም አልካደም።

እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ያሉት የአሜሪካ ሴንቶች ዚንክ ሆነው መዳብ የተለበጡ ናቸው። የእነሱ ሕመም እብጠት ነው፤ ከስሱ ልባጥ ሥር አየር ይታሰርና ገጹ ላይ ጉብጉብ ይላል። በዚህ ረገድ የሚያስደንቀኝ ነገር የላቸውም።

በየቤታችን መሳቢያ ያለው የኢትዮጵያ ሳንቲም ግን ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የንጉሡ ምስልና የይሁዳ አንበሳ ያሉባቸው የ1936 ዓ.ም. የመዳብ ሳንቲሞች መጀመሪያ የታተሙት ፊላደልፊያ ነው፤ ምስሉን የቀረጸው ጆን ሲኖክም የአሜሪካው ማተሚያ ቤት ዋና ቀራጭ ነበር። ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ስለታተሙ ጽሑፉ ዕድሜያቸውን አይነግራችሁም፤ ከጽሑፉ ይልቅ ገጹን ማንበብ ያስፈልጋል። ከመካከላቸው 25 ሳንቲሙ የተለየ ጣጣ ገጥሞታል። ክብ ሆኖ ስለወጣ ብር እየተቀባ በብሩ 50 ሳንቲም ምትክ ያልፍ ጀመር። ስለዚህ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ እንዲሆን ተደረገ፤ መጀመሪያ ከወጡት ባለ ጥርሶች ውስጥም ከቀድሞው ክብ ሳንቲም ላይ ተቆርጠው የተሠሩ አሉ። ጠርዙ ሻካራ የሆነ ባለ ጥርስ ካጋጠማችሁ ሰው ጎድቶታል ብላችሁ አትጣሉት። ከታተመ በኋላ የመጣ ምልክት ቢሆንም ቆራጩ መንግሥት ሊሆን ይችላል።