ኮረምን ያነሣው ሰው

ሞሐመድ አሚንን በስሙ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሥራውን ያላየ ግን የለም ማለት ይቻላል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከኮረም ወጥቶ ዓለምን ያስደነገጠው የረሃብ ፊልም በእሱ ካሜራ የተቀረጸ ነው። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ለእርዳታ ሙዚቀኞችን ለማሰባሰብ የተነሣው ያን ፊልም ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን አይቶ ነው።

ስለ ጦር ግንባር ፎቶ አንሺ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ድፍረት ነው፤ ጥይት በሚያፏጭበት ቆሞ ካሜራውን የሚደግን ሰው። እንዲህ ያለው ሰዓት አለ፤ ነገር ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል እሱ ነው። የቀረው ይለፍ ማግኘት፣ መኪና ወይም አውሮፕላን ማፈላለግ፣ የተነሣውን ሳይወረስ ይዞ መውጣትና ገዢ ማግኘት ነው። አሚን በዚህ በኩል ተወዳዳሪ አልነበረውም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በሚኖርባት ኢስሊ ሰፈር ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያደገው ዳሬሰላም ሲሆን፣ ካሜራ የጀመረውም በልጅነቱ ነው። ገና 20 ዓመት ሲሞላው፣ በ1963፣ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን እዚያው ዳሬሰላም ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ዛንዚባር ውስጥ አብዮት ፈነዳ፤ እሱም ደርሶ ቀረጸ። በ1966 ወደዚያችው ደሴት ተመልሶ ሲሠራ ግን ተያዘ። አንድ ወር ገደማ ታስሮና ተደብድቦ ወደ ኬንያ ተባረረ። ለሌላው ሰው ይህ ሥራ መቀየሪያ ምክንያት በሆነ ነበር። እሱ ናይሮቢ ላይ ድርጅቱን አስፋፋ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ጋዜጣው ደመወዝ የሚከፍለው ይመስለዋል። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ግን የሚከፈላቸው በሥራቸው ልክ ነበር። ፊልሙ ለንደን ይላካል፤ እንደ ቪዝኒውስ ያለ የዜና ፊልም አከፋፋይ ከተቀበለው ለየአገሩ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያሰራጨዋል፤ ካልተቀበለው የአውሮፕላን ቲኬቱም ድካሙም ከፎቶ አንሺው ኪስ ይወጣል። አሚን ለዚህ መላ ነበረው። የፊልም ካሜራውን ትከሻው ላይ፣ የፎቶ ካሜራዎቹን አንገቱ ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ አንዱን ክስተት ለቴሌቪዥንም ለጋዜጣም ይሸጠዋል፤ ሲመቸው ደግሞ መጽሐፍ ያወጣበታል። የመካ ሐጅን ጭምር ፎቶ አንሥቶ መጽሐፍ አሳትሟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፋሪ ከወንበሩ ኪስ እያወጣ ያገላብጠው የነበረውን ሰላምታ መጽሔትም ያዘጋጅ የነበረው ካሜራፒክስ ነው። ነጋዴ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ ነጋዴ ባይሆን ኖሮ ግን ሰላሳ ዓመት በሙያው አይቆይም ነበር።

ወደ ኮረም እንመለስ። በ1977 ዓ.ም መስከረም ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ እያከበረ ነበር። በዚያ ሰሞን ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ የረሃቡ ወሬ በዓሉን ያደፈርሳል ተብሎ ተፈርቶ ነው። አሚን በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ዘንድ የቆየ ትውውቅ ነበረው። ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ተማጽኖም ተከራክሮም፣ ለራሱና ለቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ይለፉን አስገኘ። በርክ ዘገባውን በመጻፉና በማንበቡ ዝነኛ ሆኗል፤ ይገባዋልም። ያለ አሚን ትውውቅ ግን ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ የጥቅምት ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። በከተማዋ ዙሪያ የተሰበሰበው ረሃብተኛ ወደ 40 ሺህ ይጠጋ ነበር። አሚን ካሜራውን ያነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። የመጀመሪያው ቀረጻ ዛሬም ሲታይ ሰውን ዝም ያሰኛል፤ ጭጋግና የጭስ ቅሪት፣ መሬት ላይ በጋቢና በአቡጀዲ የተጠቀለሉ ሰዎች፣ ተኝተው ይሁን ሞተው ያልለየላቸው። ካሜራው አይቸኩልም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው በቀስታ ይዞራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል። ልምድ የሌለው ሰው ቢሆን ደንግጦ ወዲያ ወዲህ ባወናጨፈው ነበር። አሚን ግን ተመልካቹ ፊቱን የሚያዞርበት ፋታ አልሰጠውም። ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚረዝመው ዘገባ ጥቅምት 13 በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም ከ400 የሚበልጡ ጣቢያዎች አስተላለፉት። በሐምሌ ወር ጌልዶፍ ያስተባበረው ላይቭ ኤይድ የተባለ የሙዚቃ ድግስ በለንደንና በፊላደልፊያ ተዘጋጀ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ጎልቶ አይታይም፤ ጦርነቱ። ኮረም የጦር ቀጠና ነበረች፤ ከተማዋ በመንግሥት ጦር እጅ፣ ዙሪያው የአማፅያን መንቀሳቀሻ። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው፤ ሰውን የጨረሰው ግን ዝናብ ብቻ አልነበረም። መንገድ ተዘግቶ፣ ገበያ በአውሮፕላን ተደብድቦ፣ እህል ከቦታ ቦታ እንዳይሄድ ታግዶ ነበር። ካሜራ የተራበ ሕፃን ያሳያል፤ የተዘጋ መንገድን ማሳየት ግን አይሆንለትም። በመሆኑም ዓለም ያየው ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው። እርዳታው ብዙ ነፍስ ማትረፉ አይካድም። ያም ሆኖ ደርግ ረሃብተኛውን በግዳጅ ስለማስፈሩ አፉን ከፍቶ የተናገረው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ከአገር ሲባረር፣ የእርዳታውን ዘፈን አብሮ ያንጎራጎረው የአውሮፓ ሕዝብ ነገሩን ለማወቅም አልተጨነቀም። ኢትዮጵያዊ በሄደበት ሁሉ ስለ ረሃብ እየተጠየቀ መሸማቀቁም ከዚያ ወዲህ የባሰ ነው። ይህን ሁሉ በአሚን ማላከክ ተገቢ አይመስለኝም፤ ፊልሙን ግን ሙሉ ታሪክ አድርጎ መውሰድም ስህተት ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም ላይ ደርግ ሲወድቅ አሚን እንደገና አዲስ አበባ ነበር። ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27፣ አንድ ትልቅ የጥይት ማከማቻ ፈነዳ። አሚንና ጓደኞቹ ሊቀርጹ ሲጠጉ ሌላ ፍንዳታ ተከተለ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ፤ አሚን ግራ እጁን አጣ። አሜሪካ ሄዶ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠመ፤ ካሜራውም ለእጁ እንዲመች ተስተካከለለት፤ በወራት ውስጥም ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህ የጽናቱ ምሳሌ ተደርጎ ሲተረክ የማታይ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የድምፅ ባለሙያ፣ ሾፌርና አስተርጓሚ ከፎቶ አንሺው እኩል ይሞታሉ፤ ሽልማቱ ላይ ግን የሉም። በሐምሌ 1993 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ሞቃዲሾ ውስጥ አንድ ቤት ደብድበው ሲሄዱ፣ ጉዳቱን ሊያነሡ የደረሱትን ጋዜጠኞች የተቆጣ ሕዝብ ገደላቸው። የ22 ዓመቱን ፎቶ አንሺ ዳን ኤልደንን ዓለም ያውቀዋል፤ መጽሐፍም ፊልምም ተሠርቶለታል። አብረውት የሞቱት ሆስ ማይና፣ ሃንሲ ክራውስና የድምፅ ባለሙያው አንቶኒ ማቻሪያ ግን ያን ያህል አይነሡም።

አሚን የሞተው በጦር ሜዳ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተሳፈረበት በረራ ቁጥር 961 ላይ ሦስት ጠላፊዎች ተነሡ፤ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግራቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ ቦይንግ 767ቱ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃው ላይ ወደቀ። ከ175ቱ 50 ሰዎች ተረፉ። አሚንና የሥራ ባልደረባው ጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች አሚን ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር እንደነበር ተናግረዋል። ካሜራፒክስን ከእሱ በኋላ ልጁ ሳሊም አሚን ይዞታል።

ዛሬ ፊልም ማጠብ ቀርቷል፤ ምስል ከግንባር በስልክ ይላካል። በራሱ ወጪ የሚሄደው ወጣት ግን በዝቷል። ኢንሹራንስም ሆነ ልኮ የሚጠብቀው አለቃ የለውም። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ቲም ሄዘሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2011 ሊቢያ፣ ሚስራታ ውስጥ በተተኮሰ ፈንጂ ተመትቶ ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ ፈስሶ አለቀ። ጓደኛው ሴባስቲያን ዩንገር ከዚያ በኋላ በግላቸው ለሚሠሩ ጋዜጠኞች የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምር ድርጅት አቋቋመ። እኛም አገር ካሜራ ይዞ ወደ ግንባር ለመሄድ የሚያስብ ወጣት አይጠፋም። እንዲህ ያለው ወጣት ሌላ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት ቀይ መስቀል ሄዶ የሚደማ እግር እንዴት እንደሚታሰር ይማር፤ ሾፌሩንም ይዞ ይሂድ።